ሐሙስ ድንኳኑ አልነበረም

ሰኞ

ሐሙስ ነው የሚመጡት። ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል! ናሆም የደወለልኝ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ታክሲ ውስጥ በአንድ ወፍራም ሰውዬና በመስኮቱ መካከል ተጣብቄ ሳለ ነው። ናሆም ለማኅበራት ድጋፍ ከሚሰጠው ፈንድ ነው፤ ልጅ እግር፣ ሁሌ ደስተኛ። "መቅዲ፣ ሳይት ቪዚታችሁ ሐሙስ አራት ሰዓት ኮንፈርም ሆኗል" አለኝ፣ ሠርግ እንደሚጠራ ሰው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልል ነው?

ጭንቅላቴ ስለዞረ ነገሩን ለራሴም ቢሆን በተራ ልጻፈው። የእድራችን ሴቶች፣ እነ እማዬ ማለቴ ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቅሶ ቤት ሲቀቅሉና ሲያማስሉ የኖሩ ናቸው። ዘንድሮ ተደራጅተው የምግብ ዝግጅት ማኅበር አቋቋሙ፤ ሠርግ፣ ልደት፣ ስብሰባ፣ የተገኘውን ሊሠሩ። ወረዳው ከአዲሱ የገበያ ሕንፃ ሥር አንድ ሼድ ሊሰጣቸው ፈቃደኛ ነው። ግን መሥሪያ ገንዘብ ይዛችሁ ኑ ነው የሚለው፤ በዚህ ወር ካልያዙ ሼዱ ለተረኛው ማኅበር ያልፋል። ገንዘቡን የሚሰጠው ደግሞ ፈንዱ ነው። ፈንዱ በበኩሉ "እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?" ይላል። ፕሮፖዛሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፕላን ቢሮ የምትሠራ ልጅ አለችን ተብሎ። "የማኅበሩ መዋጮ" በሚለው ሥር የእድሩን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በሙሉ ደረደርኩት። ሴቶቹም "ያው የእኛው አይደል?" አሉ። አዎ፣ የእኛው ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ሐሙስ መጥተው ማየት የሚፈልጉት እንግዲህ ይህንኑ ነው። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ሴቶቹን።

ሼዱ ካመለጠ በቃ፣ ማኅበሩም አለቀለት። ግማሹ ሰፈር ተነሥቶ ዳር ዳር ገብቷል። ሴቶቹ አብረው የሚቆሙበት አንድ ቦታ ካጡ እያንዳንዷ በየኮንዶሚኒየሟ በሯን ዘግታ መቀመጥ ነው። እማዬ ደግሞ በር ዘግቶ መቀመጥ አትችልበትም፤ ትታመማለች።

ሌላም አለ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ቢሮ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች አንድ ላይ የሚያይ ፕላን እያዘጋጀን ነው። ሰው የት ይኖራል፣ የት ይሠራል፣ በምን ይመላለሳል። የእኔ ድርሻ መሐል ከተማው ነው። ባለፈው ሳምንት ረቂቁ ላይ ሊለማ የታሰበውን ቦታ ብርቱካናማ ስቀባ የእኛን ቤት አየሁት። ጣራችንን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ቆርቆሮ አዲስ ስለሆነ ከላይ ያበራል። ቀባሁት። ምን ላድርግ? ለእማዬ ግን መንገር አቃተኝ።

እትዬ ዘነበች ታመዋል አሉ። የሴቶቹ አለቃ የነበሩ ናቸው፤ አምና ቤታቸው ፈርሶ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እማዬ ሥራ ስትውል ምሳዬን ያበሉኝ፣ ጸጉሬን የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። እማዬ "ነገ ሄደን እንያት" አለችኝ። ከሐሙስ በኋላ አልኳት።

ማክሰኞ

ከቢሮ በግማሽ ቀን ፈቃድ ወጣሁ። አለቃዬ "ለግል ጉዳይ ነው?" አለኝ። ለልማት ነው አልኩት። ሳቀ።

ዛሬ እንኳን ቀኑ ደህና ነበር። ከወረዳው የሼዱን የድጋፍ ደብዳቤ ተቀበልኩ፤ ማኅተሙ ሳይደርቅ በእጄ አበላሸሁትና ሁለተኛ አስመታሁት። ፀሐፊዋ ገላመጠችኝ። ግድ የለኝም።

ከዚያ እድሩ ግቢ። ድንኳኑ ለገምጋሚዎቹ እንዲታይ ዛሬውኑ ይተከል ብዬ ነበር፤ ተክለውታል። ሴቶቹ ወንበሩን አጥበው ፀሐይ ላይ ደርድረውታል። ድስቶቹ ተፈግፍገው ፊት ያሳያሉ። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ስለሆነ ድስቱ ሁለት ወገን ነው፤ የክርስቲያኑ ጆሮው ላይ ቀይ ቀለም አለው፣ የሙስሊሙ አረንጓዴ። ናሆም ፕሮፖዛሉን ሲያነብ "ለምንድነው ሁሉም ነገር ዱፕሊኬት የሆነው?" ብሎኝ ነበር። ሥጋው ነዋ ወንድሜ! አዲስ አበባ አይደል ያደግከው?

ልምምድ አደረግን። እኔ ገምጋሚ ሆንኩ። "ከአምስት ዓመት በኋላ ማኅበራችሁን የት ታዩታላችሁ?" አልኩ ቁጭ ብዬ። ሰኪና፣ ወሬ የማያልቅባት፣ "አምስት ዓመት ካገኘሁማ እኔ አምስት ዓመቱን ራሱን ቁጭ ብዬ ነው የማየው" አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እማዬ "የንግድ ዕቅድ" የሚለውን በደንብ አጥንታለች፤ ሳትጠየቅ ሁሉ ትለዋለች።

ጋሽ ኑሪ ብቻ አልሳቁም። የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጡረተኛ መምህር፤ ዛሬም ክፍል ውስጥ ያለን ይመስላቸዋል። ከቀብር የቀረ ሰው ስሙ በወሩ ስብሰባ ይነበባል፣ ይቀጣል፤ የገዛ ልጃቸውን እንኳ ቀጥተዋል። እሳቸው ድንኳኑን በእጃቸው እየዳበሱ፣ "መቅደስ፣ ለነዚህ ሰዎች ድንኳኑን ለማኅበሩ ሰጥተናል ነው ያልሻቸው ወይስ አለን ነው ያልሻቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ጋሼ፣ ወረቀት ነው፤ አይጨነቁ" አልኩ።

"ወረቀት ከሆነማ ነው የምጨነቀው" አሉ።

ተበሳጨሁባቸው። ሁሉ ነገር ባማረበት ቀን አንድ ሰው እንዲህ ይላል። ደግሞ ልክ ናቸው፤ ይሄ ነው ያበሳጨኝ።

ለሐሙስ የቀረ፦ የውሃ በርሜል። ባነር (ፊደሉ ተሳስቷል፣ ይታረም)። እማዬ አዲሱን ነጠላ እንዳትለብስ፣ ሀብታም እንመስላለን። ሰኪና እንዳትቀልድ። ሰኪና እንዳትቀልድ።

ረቡዕ

እትዬ ዘነበች አረፉ።

የሰማሁት ቢሮ ነው፤ በእድሩ ቴሌግራም። ሰው ሲበታተን ጊዜ ወሬው በስልክ ሆኗል፤ ጋሽ ኑሪ ግን ጡሩምባውም ካልተነፋ አይሆንም ብለው ያስነፋሉ፣ ባዶ በሆነው መንገድ ላይ። መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሐሙስ በኋላ ብዬ ነበር። ከሐሙስ በኋላ!

እድሩ ግቢ ስደርስ ድንኳኑ ወርዷል። ትናንት የተተከለውን እየጠቀለሉት ነው። ለእድሩ ዕቃ የምንከራየው አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ድስቱን እየጫኑ ነው፣ ቀዩንም አረንጓዴውንም። ቀብሩ ነገ ሰባት ሰዓት እዚያው ቱሉ ዲምቱ ነው። ድንኳን ዛሬ ካልተተከለ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል? ደረጃ ላይ?

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ለዚህ ካልጻፍኩ ማስታወሻ ምን ይሠራል። "ድንኳን እንከራይ" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ በሁሉም ፊት። "ለእትዬ ዘነበች ነጭ፣ የሚያምር ድንኳን እኔ ራሴ እከራያለሁ። የእኛው እስከ ነገ ቀትር እዚሁ ይቁም። ሰዎቹ አይተውት ይሂዱ፣ ከዚያ ይጫናል።"

አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኪና የምትጠቀልለውን ገመድ ይዛ ቀረች። እማዬ መሬት መሬት አየች።

ጋሽ ኑሪ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይቺ ሸራ በተቀደደች ቁጥር የምትጥፋት ዘነበች ነበረች" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። "በኪራይ ድንኳን ይለቀስላት ነው የምትዪኝ?"

የሸራውን አንድ ጫፍ ይዤ መጠቅለል ጀመርኩ። የተጣፈበትን ቦታ ሁሉ አየሁት። አንዱ እራፊ ከድሮ መጋረጃቸው ነው፣ አበባ ያለው፤ በሱ ሥር ተኝቼ አድጌያለሁ።

ናሆም ጋ ደወልኩ። አዘነ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ አዘነ። ግን ገምጋሚዎቹ ከውጭ የተቀጠሩ ናቸው፣ ዓርብ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፣ ሌላ ቀን የለም አለ። "በቃ በቦታው ሰው ካልተገኘ 'አልተገኙም' ተብሎ ይሞላል፤ ከዚያ እኔም ማድረግ የምችለው የለም።" አልተገኙም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ሴቶች!

አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ እሱም እኔ ነኝ። የጻፍኩት እኔ፣ የሚጠይቁኝን የማውቀው እኔ። እማዬ አይሱዙው ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ "ሰናይት ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?" አለችኝ። ሰናይት የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው፣ ከአንድ ሳህን በልተን። ሥራ ላይ ነች በያት አልኩ። እማዬ ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ፣ "ደግሞ ቅጣት አለው" አለች። እንባዋን ለመደበቅ ያለችው ነው መሰለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት። ግቢው ባዶ ነው። የካስማው ጉድጓድ ብቻ በአራት ማዕዘን ቀርቷል። ባነሩን ብቻዬን ለመስቀል ታገልኩ፤ አንዱ ጫፍ ሲታሰር ሌላው ይወርዳል። ተውኩት።

አራት ሰዓት ያሉት ስድስት ሰዓት አልፎ መጡ። ናሆም፣ ሾፌርና ከገምጋሚዎቹ አንዷ፤ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት። ተዘጋጅቼበት የነበረውን ሁሉ ረሳሁት። ባለ ሦስት ጉልቻውን ምድጃ አሳየሁ፣ የዕቃ ቤቱን በር ከፈትኩ፤ ውስጡ አንድ የተሰበረ ወንበርና የሰኪና ሽርጥ አለ።

"ንብረቱ የት ነው?" አለችኝ።

"ለቅሶ ሄዷል።"

"ተከራይቶ ነው?"

"አይደለም። የእድር ነው። ትናንት ሰው ሞተብን።"

"ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ፣ "ማኅበሩ ሠርግ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮስ? ሙሽሮቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ሰው ቢሞት?"

መዋሸት እችል ነበር። ናሆም ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ዋሺ ይለኛል። "ይሄዳል" አልኳት። "ሠርጉ ቢቀር ይቀራል እንጂ ድንኳኑ ይሄዳል።"

ጻፈች። አባላቱ የት እንደሚኖሩም ጠየቀችኝ። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለውን ካርታ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ አስፋልቱን ተከትዬ ወረዳውን ብቻ አጥሬ፣ በቢሮ እንደለመድኩት። ከአጥሩ ውጭ የሄዱት ግማሹ ሴቶች ካርታዬ ላይ የሉም። እሱንም ነገርኳት። አንዱን እውነት ካወጣሁ ሁሉንም ላውጣ ብዬ ነው።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። "ሟቿ ዘመድሽ ናቸው?"

"ያሳደጉኝ ናቸው።"

"ታዲያ አንቺ ለምን አልሄድሽም?"

"እናንተን ልጠብቅ ብዬ ነዋ" አልኳት። ክንዴን ነካ አድርጋኝ ወደ መኪናዋ ገባች።

ማታ ላይ። ከመስቀል አደባባይ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ ተንፏቆ፣ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ተተክሏል፣ ያች ባለ አበባ እራፊ ወደ በሩ በኩል ሆና። ሥሩ ማን የለም? የፈረሰው ሰፈራችን በሙሉ እዚያ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ሦስት ዓመት ያላየኋት የጎረቤታችን ምራት። ከወሎ ሰፈርም፣ ከየዳሩም፣ ሁለት ሦስት መኪና ቀይረው የመጡ። ንፍሮ በትሪ ይዞራል።

ሰናይት አቀፈችኝ። አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ እኔ የምጽናና ይመስል። የት ነበርሽ አላለችም። አለማለቷ ነው የከበደኝ።

ዓርብ

ኢሜሉ መጣ። ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ፣ በዚያ የተቀባ ካርታ አጠገብ ከፈትኩት። ድንኳኑና ድስቶቹ "በማኅበሩ ሙሉ አዛዥነት ሥር ያልሆኑ" ስለሆኑ በመዋጮነት አይያዙም። የአባላቱ መኖሪያና የፕሮጀክቱ ክልል አይገጥሙም። እስከ ሰኞ ድረስ አስተካክላችሁ ካላቀረባችሁ ማመልከቻው ይዘጋል።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። በገምጋሚዋ? ያየችውን ነው የጻፈችው። በጋሽ ኑሪ? በእትዬ ዘነበች፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን ቢቆዩ ብዬ? ይህን አሰብኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ደግሞ ሌላ መዋጮ ከየት ይመጣል? ሴቶቹ ያላቸው እጃቸው ብቻ ነው።

አለቃዬ ዓይኔን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ፤ ነገርኩት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። "መጀመሪያውኑ እድርና ቢዝነስ መቀላቀል አልነበረብሽም" አለ። አመሰግናለሁ። ይህንን ከአንድ ወር በፊት ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።

ማታ እማዬ ልብስ ልትቀይር መጣች። ደክሟታል፣ ድምፅዋ ዘግቷል። ኢሜሉን ነገርኳት። "እና አበቃ?" አለች። "አላውቅም" አልኩ። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይውጣልኝ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ቤታችንም ብርቱካናማው ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። መቼ እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ገና ረቂቅ እንደሆነ፣ ግን እንዳለ።

የያዘችውን ቀሚስ አጠፈች። መልሳ ፈታችው። እንደገና አጠፈችው። "አንቺ ነሽ የቀባሽው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እና ለብቻሽ ይህን ሁሉ ጊዜ?" አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አላወራችም። እራት አልበላንም። ተነሥታ ወደ ለቅሶው ልትመለስ ስትል ግን በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "እዚያ ብንሄድ የሚቀብረኝ ማነው?" አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ

የፈንዱን መመሪያ አውቶቡስ ውስጥ እንደገና አነበብኩት፤ በንዴት፣ ስህተት ላገኝበት። የአባላት ጉልበት በመዋጮነት እንደሚያዝ ተጽፏል። ድሮም ተጽፎ ነበር። አይቼው አልፌው ነው፤ "ጉልበት" ብሎ መጻፍ ምንም የለንም ማለት መስሎኝ። ድንኳን ያምራል። ድንኳን ፎቶ ይነሣል።

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፣ ነገ ጠዋት ድንኳኑ ይነሣል። ሴቶቹ የሚያበስሉት ኮንዶሚኒየሙ ኮሙናል ውስጥ ነው፤ ለነዋሪው ለድግስም ለልብስ ማጠቢያም ተብሎ ተሠርቶ ተቆልፎ የኖረ ቤት። ውሃ አለው፣ የጭስ መውጫ አለው። ሰናይት እንዳለችው ከተሠራ ጀምሮ ለዚህ ለቅሶ ብቻ ነው የተከፈተው። የሕንፃው ሰዎች ገርሟቸው መጥተው ያያሉ። አንዲት ሴት ሰኪናን ይዛ፣ ለልጇ ምርቃት ትሠሩልኝ ይሆን ትላለች። ለቅሶ ቤት! ሰኪና እንኳ አፈረች፤ ከሰኞ በኋላ እንነጋገር አለቻት።

ጥግ ላይ ተቀምጬ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። የት ነው የምትኖሪው፣ በምን ትመጫለሽ፣ በሳምንት ስንት ቀን ትችያለሽ። ተስፋ አስቆራጭ ነው። ከዳር እስከ ካዛንቺስ ሁለት መኪና ቀይሮ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ተመልሶ፣ የሚተርፈው ምንድነው? ሰኪና ለአንድ ጊዜ ሳትቀልድ፣ "መቅዲ፣ እኔ በየቀኑ ልመጣ አልችልም፤ እችላለሁ ብለሽ እንዳትጽፊ" አለችኝ። አልጻፍኩም። ስለዚህ ካርታው ተቀየረ። ካዛንቺስ ያለው ሼድ መሸጫና መቀበያ፣ እዚህ ያለው ኮሙናል ሁለተኛ ማብሰያ፣ በመሐሉ አይሱዙው። አጥር ሳይሆን መሥመር ሆነ። ቢሮ ስንት ወር ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ነገር ነው፣ መሐሉና ዳሩ እንዴት ይያያዝ እየተባለ። ኮሙናሉን የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ይፍቀድ አይፍቀድ ግን ገና አይታወቅም። ሰናይት ትጠይቅልኛለች።

ከሷ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጥን። "ልጠይቅሽ?" አለችኝ። "ሐሙስ የቀረሽው እውነት ሥራ ነበረብሽ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ድንኳን እንከራይ ማለቴን ጭምር። ከሌላ ሰው ከምትሰማው።

"አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽሽም" አለችኝ። "አፈር ሲመለስባት ዞሬ ፈልጌሻለሁ።"

ይቅርታ አልኳት። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ሻይ አመጣችልኝ፤ ስኳር እንደምወድ አልረሳችም።

እሑድ

ጽፌ ጨረስኩ። ነገ ጠዋት ይገባል። የድንኳኑ ስም የትም የለበትም፤ በቦታው የሴቶቹ ጉልበት ገብቷል። ያልፍ ይሆን? እንጃ። ናሆም ደውሎ "አሁን ሪያሊስቲክ ሆኗል" አለኝ፤ ከዚያ ግን "የእኛ ኮሚቴ ሁለት ቦታ ሲባል ይፈራል" ብሎ ጨመረበት። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴም መልስ አልሰጠም። ሼዱ በዚህ ወር መያዝ አለበት።

ዛሬ የወሩ የእድር ስብሰባ ነበር። ድንኳኑ ጠዋት ተመልሶ ዕቃ ቤት ገብቷል። ጋሽ ኑሪ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ስም ጠሩ። ከቀብር የቀሩትን ሊያነቡ ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። የተጠራው የእኔ ስም ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከየዳሩ ከመጣው ሁሉ፣ የእኔ ብቻ።

እማዬ እጇን ልታወጣ ስትል ሰኪና ቀደመቻት። "ጋሼ፣ እሷኮ ለራሷ አይደለም የቀረችው፤ ለእኛ ነው። ይቅር ይባልላት።" ሌሎቹም አጉረመረሙ። እኔም፣ ልዋሽ እንዴ፣ ይቅር እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለማን ነው የሮጥኩት?

ጋሽ ኑሪ አልተናደዱም። "ከቀብር ለመቅረት ደንቡ የሚያውቀው በሽታና ወሊድ ነው" አሉ። "መቅደስ ደህና ናት፣ አልወለደችም።" ሰው ሳቀ። ቀጡኝ። እጃቸው ላይ ከፈልኩ።

ሰው ሲበተን ጠበቅኳቸው። ተቆጥቼ ነበር፤ ልናገራቸው ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ እኛም ልንነሣ ነው መሰለኝ" አልኳቸው። "እማዬ ፈርታለች። ዳር ከሄድን..."

በሩን እየቆለፉ ነበር። ቁልፉ አንዴ አልዞር አላቸው፣ ሁለተኛ ሞከሩት።

"ሄዳችሁስ?" አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ። "እዚያ ሆነሽ ከቀብር ብትቀሪ የማልቀጣሽ መሰለሽ?"

ለእማዬ ቤት ገብቼ እንዳሉት አድርጌ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ለረጅም ጊዜ አላወረደችውም። አሁን ተኝታለች። ነገ ፈንዱ ጋ ስሄድ ቀደም ብዬ ብወጣ ይሻላል፣ ሰኞ መንገዱ ይዘጋል።